የስንደዶው ልክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 12፡40

እማዬን አጠብኩ፣ አበላሁ፣ ኪኒኗን ሰጠሁ። አንዷን ፍሬ ምላሷ ሥር ደብቃ ነበር፤ አገኘሁባት። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፣ አሁንም ልታታልለኝ ትሞክራለች። ልብስ ዘፈዘፍኩ። በአረንጓዴው መዘፍዘፊያ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አልተሰነጠቀም ይሄ እርጉም ፕላስቲክ።

ደብተሬ፣ ዛሬም ጠየቀችኝ። ሳጥኑን የት አደረግሽው? የቆርቆሮው ሳጥን። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ የካሳሁን ጓደኛ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል አልኳት። ካሳሁን ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ስምንት ዓመት ሆነው። በሌለ ሰው ማሳበብ ይቀላል። መጋዘን የሚባል ነገር የለም።

ላንተ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። የቀበሌው ቤታችን ሊፈርስ ነበር፤ ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ልንገባ ዕቃ የምንቀንስበት ሳምንት። «ልዋጭ! ልዋጭ!» የምትል ሴትዮ በር ላይ መጣች። አሮጌ ልብስ ሰጠኋት። አልበቃትም። ዓይኗ ሳጥኑ ላይ አረፈ። የዛገ፣ ክዳኑ የማይገጥም። ከነውስጡ ብድግ አድርጌ ሰጠኋትና መዘፍዘፊያውን ተቀበልኩ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ የአባቷ ደብዳቤ ነበረበት።

ከፍቼ አላየሁም። ማየት ነበረብኝ። እንጀራዬ እኮ ወረቀት መጠበቅ ነው።

ያው ሰኞ። ከራት በኋላ

ታሪኩን እንደገና ነገረችኝ፣ ሰምቼው የማላውቅ ይመስል። አባቷ ተሰማ ወልዴ። በ1939 ዓ.ም.፣ እሷ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በባቡር ጅቡቲ ወረደ። ከዚያ ባሕር ማዶ። የመርከብ እሳት አንዳጅ ሆኖ ማርሴይ በሚባል የወደብ ከተማ ይኖር ነበር ይባላል። ለገሃር ላይ ሊሳፈር ሲል ተንበርክኮ እግሯን በስንደዶ ለካ። ስንደዶውን በልኩ ሰበረና ኪሱ ከተተው። ጫማ እልክልሻለሁ አላት።

ጫማው አልመጣም። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በሰርጓ ዋዜማ፣ እናቷ እማማ አሰለፈች አንድ የወንድ የእጅ ሰዓትና በፈረንሳይኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሰጠቻት። አባትሽ የላከልሽ ነው አለቻት። ከዚያ ወዲህ ወሬውም የለም።

ተቀየመችው። ያን ሁሉ ዘመን ዝም ብሎ ሰዓት? ደብዳቤውን ሳታስነብብ ሳጥን ውስጥ ወረወረችው። ሰዓቱ ግን ትራሷ ሥር ነው የሚያድረው። አይሠራም፣ ከቆመ ብዙ ዘመኑ ነው። አሁን ደብዳቤው ይነበብልኝ ትላለች። እንደሞተማ አያጠያይቅም፤ ግን መቼ፣ የት፣ በምን? መርዶው አልደረሰኝም፣ አላለቀስኩለትም፣ ቁርጤን አውቄ ልሙት አለችኝ። ኪኒኗን ስሰጣት ነው ይህን ያለችው። 

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ምሳ ሰዓት፣ መ/ቤት

ሃያ ስድስት ዓመት የፍ/ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነኝ። ሰው መስኮቴ ላይ መጥቶ ቁጥር ይነግረኛል፣ መደርደሪያው መሐል እገባለሁ፣ የአባቱን የውርስ መዝገብ አቧራውን አራግፌ አመጣለታለሁ። የራሴን አያት የማገኝበት መደርደሪያ የለኝም።

ዛሬ ለአቶ ፍሬው ነገርኳቸው። የፈረንሳይኛ አስተርጓሚያችን ናቸው። በወር አንድ ችሎት ቢያገኙ ነው፤ ሌላውን ቀን የጋዜጣ የቃላት እንቆቅልሽ ሲሞሉ ይውላሉ። ስለ ልዋጩ አላነሳሁም፤ ደብዳቤው ጠፋ ብቻ አልኳቸው። እንዲህ ያለ የወደብ ከተማ የመርከበኞቹን መዝገብ አይጥልም፣ ቤተ መዛግብት ይኖረዋል፣ እንጻፍላቸው አሉ። ኢንተርኔት ላይ ፎርም አገኙ። ደብዳቤውን እሳቸው ጻፉ። ፎርሙን እኔ ሞላሁ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ ዓመት። የተሞላ ፎርም ሳይ ደስ ይለኛል፣ የሙያ ነገር ነው። ላክነው።

ወደ ቤት ስሄድ ልደታ ማርያም በር ላይ ቆሜ ተሳለምኩ። ይገኝ ብዬ ነው ወይስ አይገኝ ብዬ? እኔም አላወቅኩትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

እማዬን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ልቧ ሰፍቷል። ዶክተሩ እኔን ኮሪደር አስወጥቶ ነገረኝ፦ ጨው ይቀንስ፣ ደረጃ ይቅር፣ ድንጋጤ በፍጹም። ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ደረጃ ይቅር።

መልስ የለም። በየማለዳው የአቶ ፍሬው ቢሮ ብቅ እላለሁ፤ ገና ከበሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ገባኝ አሁን። እኔም ስንቱን ሰው ነው ነገ ተመለስ ያልኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

መጣ። አራት መስመር። በተጠቀሰው ዓመት የመርከበኞች መዝገብ ውስጥ በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም። ስለጻፉልን እናመሰግናለን።

አቶ ፍሬው ሁለቴ አነበቡልኝ፣ ሁለተኛው የተሻለ ይሆን ይመስል። ወደ መደርደሪያዬ ተመለስኩ። አንድ ሽማግሌ ቁጥር ይዘው መጡ፤ መዝገባቸውን በሁለት ደቂቃ አገኘሁት። መረቁኝ። እንባዬ መጣ። ጉንፋን ይዞኝ ነው አልኩ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ስለ መጻፋችንም አታውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ጠዋት

የሚካኤል ዕለት ነው። እማዬ መውረድ አትችልም፤ መስኮት ከፍታ ታቦቱ ወዳለበት አቅጣጫ ሰገደች። እኔ ቃል የማይገልጸው ቁጣ ላይ ነኝ። ቁጣው በራሴ ነው።

ትናንት ማታ ፎርሙን ስልኬ ላይ ከፍቼ አየሁት። ዓመት፦ 1939።

1939! የእኛን! ፎርሙ የፈረንጅ፣ መዝገቡ የፈረንጅ፣ አገሩ የፈረንጅ፤ እኔ የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ቁጭ አደረግኩበት። በቀን መቶ ጊዜ የቀን ማኅተም የምመታ ሰው። የፈረንጅ ሰነድ በመጣ ቁጥር በእርሳስ ጎን ላይ የማሰላ ሰው። በነሱ 1939 እማዬ አልተወለደችም፤ አያቴ ባሕር የሚባል ነገር አላየ። የማይገኝበት ዓመት ውስጥ ነው ሲፈልጉልኝ የከረሙት።

አቶ ፍሬው ደወልኩላቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ እኔም አላየሁትም እኮ አሉ። ሰኞ 1946ንም 1947ንም ጽፈን እንልካለን። እንደ አዲስ፣ ከወረፋው ጭራ። አንድ ወር ሙሉ የእማዬን ቀን በከንቱ አቃጠልኩ። ሳጥኑ አልበቃኝም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ውሃ ሳንባዋ ገብቶ። ዛሬ ይዣት ገባሁ፤ የጎረቤት ልጆች በወንበር ተሸክመው አወጧት። ወንበሩ ላይ ሆና የአባቷን ነገር ለተሸካሚዎቹ አወራችላቸው። እግሬን ለክቶ ሄደ፣ ጫማው ግን እስካሁን እየተሰፋ ነው። ሳቁላት። ይህን ቀልድ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዛሬ ወንበሩን ይዤ ከኋላ ስከተል ቀልድ አልመስለኝ አለ።

መልስ የለም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28። የገና ዋዜማ። መ/ቤት፣ 8፡00

ተገኘ።

 አራት ወረቀት ላኩ። አቶ ፍሬው በራቸውን ዘግተው አንድ በአንድ ተረጎሙልኝ።

አንደኛው የመርከበኛ ካርድ። ተሰማ ወልዴ፣ እሳት አንዳጅ፣ የትውልድ ቦታ አ.አ.። ፎቶ አለው። የእማዬ ግንባር ነው፣ ቁርጥ የእማዬ ግንባር።

ሁለተኛው ደብዳቤ። በወደቡ ከተማ ሆስፒታል በሳንባ ሕመም ማረፉን ለባለቤቱ የሚገልጽ። በእኛ ሲቆጠር 1952። የእማዬ ሰርግ 53 ነው። በመርዶው ላይ ነው የተዳረችው።

ሦስተኛው የቀሩ ዕቃዎቹ ዝርዝር። ሰዓቱ ለቤተሰብ ተልኳል፣ ሌላው ለበጎ አድራጎት ተሰጥቷል ይላል። አቶ ፍሬው ወደ ታች ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። የቀረውን እዚህ አልጽፈውም። መጀመሪያ እሷ ትስማው።

አራተኛው ደረሰኝ ነው። በአማርኛ! በጸሐፊ እጅ፦ የባሌን የተሰማ ወልዴን የሞት ወረቀትና አንድ ሰዓት ተቀብያለሁ። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ። አሰለፈች።

አያቴ ታውቅ ነበር ማለት ነው። ደብዳቤው ሰላምታ አልነበረም፣ መርዶ ነበር። መርዶውን ሰማች፣ አሻራዋን አደረገች፣ ወደ ቤት ገባች፣ ሰዓቱን ለልጇ አባትሽ የላከልሽ ነው ብላ ሰጠች። ሰርጉ ቀርቦ ነበር፣ ይገባኛል። ብትናገር ሰርጉ ይቀራል፣ ጥቁር ይለበሳል። ከሰርጉ በኋላ እነግራታለሁ ብላ ይሆናል። ከዚያ እማዬ አረገዘች፤ ለእርጉዝ አይነገርም። ከዚያ አራስ። ከዚያ ዓመት በዓል። ከዚያ እማማ አሰለፈች ራሷ ሞተች።

አሁን ደግሞ መርዶው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ነገ ገና ነው። በበዓል መርዶ አይነገርም። ድንጋጤ በፍጹም ተብላለች። አየህልኝ? እኔም ምክንያት መቁጠር ጀመርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

የእድራችንን ዳኛ ጋሽ መኮንንን ቤታቸው ሄጄ አማከርኳቸው። መጀመሪያ ያልገባቸው መሰለኝ። ማን ሞተ አሉኝ። የእማዬ አባት አልኳቸው። መቼ? ስልሳ አምስት ዓመት አልፎታል። መተዳደሪያ ደንቡን ከመሳቢያ አወጡ። እውነቴን ነው፣ ገለጡት። እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም። ድንኳን አይፈቀድም፣ ጉባኤው ይጠይቀናል አሉ። ድንኳን አልፈለግሁም አልኳቸው። ሰው ነው የፈለግሁት። ብቻዬን መናገር አልችልም።

ደንቡን መለሱና እንመጣለን አሉ። ሦስት ሆነን፣ ሁለት ሴቶች ጨምረን፣ ማለዳ፣ እንደ ወጉ። ግን አይሆንም፣ አይነገራቸው የምትዪ ከሆነ እሱም ደግ ነው፣ እናትሽ ሳያውቁ ማለፍም አለ አሉኝ። እማዬን አንቱ ነው የሚሏት፤ በዕድሜ ቢቀራረቡም።

ዶክተሩን በስልክ ጠየቅሁት። ኃላፊነቱን የሚወስድ አይመስልም። ቤተሰብ ይወስናል አለ። ቤተሰብ ማለት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 12። ከጥምቀት ማግስት

ታቦት ስትሸኝ ዋለች፣ በመስኮት። ፊቷ በርቷል። ሁለት ጉርሻ ጨምራ በላች። ስለ ሳጥኑ አልጠየቀችኝም። ምናለ ዝም ብል? እንዲህ ደስ ብሏት ለምን አላርፍም?

ኋላ ካሳሁን ደወለ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ልዋጩን ሳይቀር።  የሱ ጭንቀት ግን ሌላ ሆነ፦ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ ሲገባ እማዬ የሞትኩት እኔ እመስላታለሁ፣ ልቧ እዚያው ቀጥ ይላል አለ። እንዴት አላሰብኩትም! እናት ስደት ላይ ልጅ እያላት የማለዳ እንግዳ ስታይ ሌላ ምን ታስባለች? ስለዚህ ተስማማን። ቅዳሜ ማለዳ፣ ሰዎቹ ሳይገቡ፣ በቪዲዮ ይደውላል። በሕይወት መኖሩን ታየዋለች። ከዚያ ይገባሉ።

ቅዳሜ ይሁን። ተወሰነ። 

ዓርብ፣ ጥር 15። ከሥራ መልስ

ጥቁር ነጠላዋን ከቁም ሳጥኑ ሥር አውጥቼ አጠብኩ። ተደብቄ፣ ሰገነት ላይ አሰጣሁት። የማን ልብስ ነው የሚንጠባጠበው አለችኝ። የኔ አልኳት። በአረንጓዴው መዘፍዘፊያ ነው ያጠብኩት። ሌላ የለንም።

አንድ ሐሳብ መጥቶብኛል፣ ሰይጣን ይሁን መልአክ አላውቅም። የደብዳቤው ኮፒ አለኝ። ያረጀ ፖስታ ውስጥ ብከተው ያው ደብዳቤ ነው። ተገኘ፣ መጋዘኑ ውስጥ ነበር እላለሁ። ዓይኗ አያነብም። ሳጥኑ ለዘላለም ተረሳ ማለት ነው።

ፖስታውን አዘጋጅቻለሁ። መሳቢያ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 16። ጠዋት 1፡20

ኩሽና ቆሜ ነው የምጽፈው። ሳሎን ሰው አለ።

11፡30 ላይ ካሳሁን ደወለ። አየችው፣ በጠዋቱ ምን ሆነህ ነው ብላ ተቆጣችው። ስልኩ ሳይዘጋ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። የጋሽ መኮንን ሳል ከመጀመሪያው ፎቅ ጀምሮ ነው የሚሰማው። በዚህ ሰዓት ሰብሰብ ብሎ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። እማዬ ቀና አለች። ስልኩን አየች። እኔን አየች። በጣቷ ቆጠረችን።

«ካሳሁንም አለ። አንቺም አለሽ። የማን ነው?»

ጋሽ መኮንን ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ያዘጋጁት ንግግር ጠፋባቸው። እኔው ነገርኳት። አባትሽ ነው፤ ሰርግሽ ሊደርስ ሲል፣ እዚያው ወደቡ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ። ሰዓቱን እሱ አልላከውም፣ ከሞተ በኋላ ከዕቃው መሐል የመጣ ነው። እናትሽ ታውቅ ነበር።

እጇ ትራሱ ሥር ገባ። ሰዓቱን አወጣች። ሴቶቹ ማልቀስ ጀምረዋል። እሷ አታለቅስም።

«የሞተ ሰው ነው ስቀየም የኖርኩት?»

 ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

ዝርዝሩን አነበብኩላት፣ አቶ ፍሬው በእጃቸው የተረጎሙትን። አንድ የእጅ ሰዓት። አንድ መላጫ። ሁለት ሸሚዝ። አንድ የጸሎት መጽሐፍ። አንድ ጥንድ የሴት ልጅ ጫማ፣ የሕፃን፣ አዲስ፣ ያልተደረገ።

እጇን አነሳች። ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት። እንደገና አለች። እግሯን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣችና አየችው። ያበጠ፣ ጥፍሩ የጠቆረ እግር። ያኔ አለቀሰች። ስልሳ አምስት ዓመት የተጠራቀመ ለቅሶ፣ በስሙ እየጠራች፣ አባዬ እያለች። ልቧን ይዤ ነበር፣ በእጄ፣ ደረቷ ላይ። ይመታል። እስካሁን ይመታል። ጥቁሩን ነጠላ አለበስናት። ገና አልደረቀም ነበር።

ስትረጋጋ ደብዳቤውን አለችኝ። ከቦርሳዬ ሌላውን ኮፒ አውጥቼ ዘረጋሁ። ይሄ አይደለም አለች። እናቴ የደበቀችውን፣ እኔ የወረወርኩትን። እጄ እንዲነካው እፈልጋለሁ። ሳጥኑን ዛሬውኑ አስመጪልኝ። ጋሽ መኮንን ወዲያው ተነሡ። ጠመንጃ ያዥ አይደል፣ ቅርብ ነው፣ መኪና ያለው ሰው እጠራለሁ አሉ። እየደወሉ ነው፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። መጋዘኑ በየት በኩል ነው ብለው ጠየቁኝ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደዚህ ገባሁ።

መሳቢያውን ከፈትኩት። ፖስታው አለ። አሮጌ ይመስላል፣ አሳምሬ ነው ያዘጋጀሁት። እማማ አሰለፈችም እንዲህ ኩሽና ቆማ ሰዓቱን በመሐረብ የጠቀለለች ይመስለኛል። ለልጇ ብላ።

ቀደድኩት።

እየጠራችኝ ነው። መዘፍዘፊያው ውስጥ የትናንቱ ውሃ አለ፤ ደፋሁት። በሳጥኑ ፋንታ ይዤው ልገባ ነው።